ቀመር ገልብጬ አንዱን ፊደል ለብቻው ሳወጣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ለምን?

ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ። የርቀት ቀመር አለ አይደል፣ ይኼ፦

ር = መ × ጊ + ½ × ሽ × ጊ²

ር ርቀት ነው፣ መ መነሻ ፍጥነት፣ ጊ ጊዜ፣ ሽ ደግሞ ሽምጥጠት፣ ማለትም አክስለሬሽን። ጥያቄው «ሽን ለብቻዋ አውጡ» ይላል። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግማሹን ለማጥፋት በ2 አባዛሁ፦

2ር = መ × ጊ + ሽ × ጊ²

ከዚያ መ × ጊን ወደ ግራ አሻገርኩ፣ ምልክቷ ወደ ቀነስ ተቀየረ። በመጨረሻ ለጊ² አካፈልኩና ይኼ መጣልኝ፦

ሽ = (2ር − መ × ጊ) ÷ ጊ²

የመልስ ገጹ ላይ ያለው ግን ሽ = 2(ር − መ × ጊ) ÷ ጊ² ነው። ያው የቅንፍ ጉዳይ ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ ምክንያቱም በኔ ቀመር የመጀመሪያውን ጥያቄ ስሠራ መልሱ ቁልጭ ብሎ ልክ መጣ። ሁለተኛው ላይ ግን እምቢ አለ። አንድ ቀመር እንዴት አንዱ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ አይሠራም? «ሲሻገር ምልክት ይቀየራል» የሚለውን ሕግ እኮ በደንብ ጠብቄያለሁ።

ቀመር ፈቺ፦

ማሻገሩ ላይ ምንም የለም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ባለው መስመር ነው። በ2 ስታባዢ ግራውን አባዝተሻል፣ ግማሹንም አባዝተሻል፣ መሀል ላይ ያለችውን መ × ጊ ግን ዘለሻታል። በ2 የሚባዛው ጎኑ በሙሉ ነው እንጂ የከበደሽ ቁራጭ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መስመሩ መሆን የነበረበት፦

2ር = 2 × መ × ጊ + ሽ × ጊ²

ከዚህ በኋላ በራስሽ መንገድ ብትቀጥዪ ቀጥታ የመልስ ገጹ ላይ ያለው ይመጣል።

በቁጥር ደግሞ እዪው። መነሻ ፍጥነቱ 5 ሜትር በሰከንድ፣ ጊዜው 10 ሰከንድ፣ ሽምጥጠቱ 1 ይሁን። ርቀቱ 5 × 10 + ½ × 1 × 100 ነው፣ 100 ሜትር። አሁን ወደኋላ እንመለስ። የመልስ ገጹ ቀመር 2 × (100 − 50) ÷ 100 = 1 ይላል፣ የጀመርንበት ነው። ያንቺው (200 − 50) ÷ 100 = 1.5 ይላል። ሽምጥጠቱ 1.5 ቢሆን ኖሮ ርቀቱ 125 ሜትር ይሆን ነበር። ስለዚህ የቅንፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሁለት የተለያዩ ቀመሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን ልክ እንደመጣልሽ ልገምት። «ከቆመችበት ተነሥታ» የሚል ነገር ነበረው?

ተማሪዋ፦

አዎ! «መኪናዋ ከቆመችበት ተነሥታ» ነው የሚለው! እንዴት አወቅክ?

ቀመር ፈቺ፦

ከቆመችበት ከተነሣች መ ዜሮ ናት። ያን ጊዜ የዘለልሻት መ × ጊም ዜሮ ስለምትሆን በ2 ብትባዛም ባትባዛም ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም ቀመሮች 2ር ÷ ጊ² ይሆናሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መኪናዋ ቀድሞውኑ እየሄደች ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ያወጣሽውን ቀመር ስትፈትሺ በዜሮ መፈተሽ የሌለብሽ። 1ንም ተዪው፣ ማባዛቱንና ካሬውን ይደብቅብሻል። 2ም አይታመንም፣ 2 + 2 እና 2 × 2 አንድ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ 3፣ 5፣ 7 የመሳሰሉትን ነው የምሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለያየ ቁጥር።

አሃድ አይቶ መፈተሽ የሚባል ነገርም አለ፣ ጥሩ ነው ግን እዚህ ላይ አያድንሽም። ርቀት ለጊዜ ካሬ ሲካፈል ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፣ መ × ጊ ደግሞ ራሷ ሜትር ናት። ስለዚህ የተሳሳተውም ቀመር የአሃድ ፈተናውን ያልፋል። 2 አሃድ የላትም፣ ብትጠፋም ብትጨመርም አሃዱ አይነግርሽም። የምትያዘው ቁጥር ሲገባ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

የኔ ልጅ፣ አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው እምቢ ማለቱን አስተውለሽ መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የመልስ ገጹን ገልብጦ ነው የሚያልፈው።

እኔ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን አባባል አልወደውም። ውሸት ስለሆነ አይደለም፣ የሆነውን ነገር ስለሚደብቅ ነው። በእኩል ይሆናል ምልክት ላይ ምንም ነገር ተሻግሮ አያውቅም። መ × ጊ ከቀኝ የጠፋችው ከሁለቱም ጎን ስለቀነስናት ነው። ቀኝ ላይ ከራሷ ተቀንሳ ዜሮ ሆነች፣ ግራ ላይ ደግሞ መቀነሷ ተጽፎ ቀረ። እሷ ናት «ተሻገረች» የምትባለው። የዌልሱ ሰው ሮበርት ሬኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 ይህንን ምልክት ሲያወጣ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከነሱ የበለጠ እኩል የሚሆን ነገር የለም ብሎ ነው። ምልክቱ ሌላ ምንም አይልም፤ ግራና ቀኝ አንድ ናቸው ነው የሚለው። አንዱን ጎን የነካሽበትን ሌላውንም በሙሉ ትነኪያለሽ።

አባባሉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። −3ቀ = 12 ሲሰጠው ሦስቷን አሻግሮ «ምልክት ይቀየራል ተብሏል» ብሎ ቀ = 12 ÷ 3 ይላል። 4 ያገኛል። መልሱ −4 ነው። −3 እዚያ የተቀመጠው በማባዛት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለ−3 ነው የምናካፍለው፤ ቀነሱ አብሮ ይሄዳል እንጂ አይገለበጥም። እንዲህ ያለውን ስሕተት በክፍል ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የሚሠሩት ደግሞ ሕጉን በትጋት ያጠኑት ልጆች ናቸው።

እና ምን ይሻላል? ፈልገሽ የምታወጪያትን ፊደል ያዢና አንድ ጥያቄ ጠይቂ። እዚህ መስመር ላይ ምን ምን ተደረገባት፣ በምን ቅደም ተከተል? ከዚያ ከመጨረሻው ጀምረሽ አንድ በአንድ አውርጂላት። ከመኪና ላይ ጭነት ሲወርድ መጨረሻ የተጫነው አይደል ቀድሞ የሚወርደው፣ እንደዚያው ነው።

የሙቀቱን ቀመር እንይ። ፋ በፋራናይት፣ ሴ በሴልሲየስ ይሁን፦

ፋ = 9 × ሴ ÷ 5 + 32

ሴ ላይ ምን ተደረገባት? በ9 ተባዛች፣ ለ5 ተካፈለች፣ መጨረሻ ላይ 32 ተደመረባት። ስናወርድ 32ን እንቀንሳለን፣ በ5 እናባዛለን፣ ለ9 እናካፍላለን፦

ሴ = 5 × (ፋ − 32) ÷ 9

ውሃ ባሕር ወለል ላይ የሚፈላበትን 212 አስገቢ። 180፣ ከዚያ 900፣ ከዚያ 100። ልክ ነው። ቅደም ተከተሉን አዛብተሽ መጀመሪያ ብታባዢና ብታካፍዪ፣ 32ን መጨረሻ ላይ ብትቀንሺ ግን 86 ገደማ ያወጣል። ቁጥሩ የሚታመን ይመስላል፣ ግን ባሕር ወለል ላይ ውሃ በዚያ ሙቀት አይፈላም። ከፈለግሽ −40ንም ሞክሪ፣ ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙባት ቦታ ናት፤ −40 ገብታ −40 ሆና ትወጣለች።

ትንሽ ከበድ ያለ ልጨምር። የፔንዱለም፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ቀመር ነው፤ ዙ አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ር የገመዱ ርዝመት፣ ስ የስበት ሽምጥጠት፦

ዙ = 2 × ፓይ × √(ር ÷ ስ)

ስን አውጪ ብትባዪ ስሩ ውስጥ የተደበቀች ስለሆነች ያስፈራል። አትቸኩዪ። መጨረሻ የተደረገው በ2ፓይ ማባዛት ነው፣ እሱን አውርጂ፤ ዙ ÷ (2ፓይ) = √(ር ÷ ስ)። ቀጥሎ ስሩ ነው፣ ሁለቱንም ጎን ካሬ አድርጊ፤ ዙ² ÷ (4ፓይ²) = ር ÷ ስ። እዚህ ጋ አስተውዪ፣ ካሬ ሲደረግ 2ም ፓይም አብረው ካሬ ይሆናሉ። አሁን ስ ታች ናት፣ ሁለቱንም ጎን በስ አባዝተሽ አውጫትና ዙሪያዋን አጽጂ፦

ስ = 4 × ፓይ² × ር ÷ ዙ²

ይህ ጨዋታ አይደለም። አንድ ሜትር ገመድ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት አስረሽ፣ ብዙም ሳታርቂ አወዛውዢው። አንዱ ዙር ከ2 ሰከንድ እምብዛም አይርቅም። 2.006 ብታስገቢ 9.81 ገደማ ይወጣል። ቀመሩን ስለገለበጥሽ ብቻ የምድርን ስበት በገመድና በሰዓት ለካሽ ማለት ነው።

በቀጥታ፦

መምህር፣ ያሉትን አከብራለሁ፣ ግን ማሻገርን እንዲህ ማውገዝ ትንሽ በዛ። ፈተና ላይ ደቂቃ ውድ ነው። እያንዳንዱን መስመር «ከሁለቱም ጎን ቀነስን» እያሉ መጻፍ አይቻልም። እኔ ራሴ እያሻገርኩ ነው የምሠራው፣ ብዙ የማውቃቸው ጎበዞችም እንደዚያው።

ይልቅ ለምን ቀጥታ ቁጥሩን አስገብታ አትፈታውም? ፊደል በፊደል ከመንከራተት ቁጥር ከገባ በኋላ ያለችው አንዲት የማትታወቅ ብቻ ናት፣ ይቀላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ማሻገሩን አንተ ትችላለህ፣ ምክንያቱም ከጀርባው ያለውን ታውቀዋለህ። እያሻገርክ ስትጽፍ በልብህ መቀነሱን እየቀነስክ ነው። እኔ የምለው መጀመሪያ ላይ በዚህ አይጀመር ነው።

ቁጥር ቀድሞ ማስገባቱን ግን አልስማማበትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ እሺ። አሥር የተለያዩ ርዝመቶችና ጊዜያት ለክተህ ለእያንዳንዱ ስበቱን አውጣ ብትባልስ? አሥር ጊዜ ከዜሮ ትፈታለህ? በፊደል አንዴ ከተገለበጠ ኤክሴል ላይ አንዴ ጽፈህ ወደታች መሳብ ነው። ደግሞ በየመሀሉ ቁጥር ማጠጋጋት ሲመጣ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቀመሩ በፊደል ሲሆን ይናገራል። የፔንዱለሙን ቀመር ተመልከት፣ ክብደት የሚባል ፊደል የለውም። ከባዱም ቀላሉም በአንድ ዓይነት ጊዜ ይወዛወዛሉ ማለት ነው። ቁጥር ካስገባህ በኋላ ይሄ አይታይህም። ለማይታወቀው ብቻ ሳይሆን ለሚታወቀውም ነገር በሥርዓት ፊደል መስጠት የጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪየት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1591። ከዚያ በፊት የነበሩት አንድ የቁጥር ምሳሌ ፈትተው «ሌላውንም እንዲሁ ሥራ» ነበር የሚሉት። ያ ሰው የሰጠንን ነገር በፈቃዳችን አንተወው።

በቀጥታ፦

የክብደቱ ነገር አሳምኖኛል። እቀበላለሁ።

ተማሪዋ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የፔንዱለሙን ራሴ ደግሜ ሠርቼ መጣልኝ። ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ። ፊደሏ ሁለት ቦታ ስትመጣስ ከየቱ ነው የሚወረደው? ለምሳሌ በትይዩ የተያያዙ ሬሲስተሮች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ ዕቃዎች፦

1 ÷ ጠ = 1 ÷ ሀ + 1 ÷ ለ

ሀና ለ የእያንዳንዱ ሬሲስተር መጠን ናቸው፣ ጠ ጠቅላላው ነው። ሀን ማውጣት ፈልጌ ሁሉንም ገልብጬ ጠ = ሀ + ለ አደረግኩ፣ ከዚያ ሀ = ጠ − ለ። ይሄኛው ግን ሲታይም ልክ አይመስልም።

ሽቦና ብየዳ፦

ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ እኔ ልመልስ። ጠ = ሀ + ለ እኮ በተከታታይ የተያያዙት ቀመር ነው! በትይዩ ሲሆን ጠቅላላው ከሁለቱም ያንሳል። አንቺ ባወጣሽው ብንሄድ ሀ ሁልጊዜ ቀነስ ቁጥር ይመጣል፣ እንዲህ ያለ ሬሲስተር ሳጥኔ ውስጥ የለም።

መገልበጥ ይቻላል፣ ግን የሚገለበጠው ጎኑ በሙሉ እንደ አንድ ነገር ሆኖ ነው። የቀኙ ጎን ሁለት ክፍልፋዮች ተደምረው ነው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መገልበጥ አይቻልም። በቁጥር እዪው፣ 1/6 ሲደመር 1/3 ግማሽ ነው። ግማሽ ሲገለበጥ 2 ነው። 6 ሲደመር 3 ግን 9። 2 እና 9 ምንም አይገናኙም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሀ ያለችበትን ለብቻው አድርጊ፦

1 ÷ ሀ = 1 ÷ ጠ − 1 ÷ ለ

ቀኙን በአንድ ታህት አምጪው፤ (ለ − ጠ) ÷ (ጠ × ለ) ይሆናል። አሁን ሁለቱም ጎን አንዳንድ ክፍልፋይ ብቻ ነው፣ አሁን ገልብጪ፦

ሀ = ጠ × ለ ÷ (ለ − ጠ)

6ቱና 3ቱ ላይ እንፈትሽ። ጠ 2፣ ለ 3፤ 2 × 3 ÷ 1 = 6። ልክ።

ታችኛውን ደግሞ ልብ በዪው። ጠ ከለ ጋር እኩል ከሆነ ታቹ ዜሮ ነው፣ ማካፈል አይቻልም። እሱም ትርጉም አለው፣ ሀ ያለችበት መስመር ተበጥሷል ወይም ጭራሽ አልተያያዘም ማለት ነው። ጠ ከለ በልጦ ቀነስ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ቀመሩን አትጠርጥሪ፣ መለኪያ መሣሪያውን ወይ አያያዝሽን ጠርጥሪ። እኔ ሰርኪዩት ሳስተካክል በዚህ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ቀመር ፈቺ፦

እዚህ ላይ ሀ አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረች ነው እንዲህ የወጣችው። በእርግጥ ሁለት ቦታ የምትመጣበትን ላሳይሽ። ይሄን ተመልከቺ፣ የምናወጣት ፊደል ቀ ናት፦

ሸ = (ሀ × ቀ + ለ) ÷ (ሐ × ቀ + መ)

ቀ ላይም ታችም አለች። እዚህ ላይ የማውረዱ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም የትኛዋ ቀ? መጀመሪያ ክፍልፋዩን አጥፊ፣ ሁለቱንም ጎን በታችኛው በሙሉ አባዢ። ቅንፉን ፍቺ፦

ሐ × ቀ × ሸ + መ × ሸ = ሀ × ቀ + ለ

አሁን ቀ ያለባቸውን በሙሉ ወደ አንድ ጎን፣ የሌለባቸውን ወደ ሌላው፦

ሐ × ቀ × ሸ − ሀ × ቀ = ለ − መ × ሸ

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ነው ሰው የሚጠፋበት። ቀን ከቅንፍ ውጪ አውጪያት፣ ፋክተር አድርጊ። ቀ × (ሐ × ሸ − ሀ) ይሆናል። ሁለት የነበረችው አንድ ሆነች። የቀረው ለቅንፉ ማካፈል ብቻ ነው።

ይሄን ሳያደርጉ ለቀ የሚያካፍሉ፣ ወይም አንዷን ቀ አውጥተው ሌላዋን ቀኝ ላይ የሚተዉ አሉ። ቀ = ብለሽ ጽፈሽ ቀኝ ላይ ቀ ካለች አላወጣሻትም፣ ገና ነሽ።

ፋክተር የማይበቃበትም አለ። አንዷ ቀ ብቻዋን፣ ሌላዋ ካሬ ሆና ከመጣች የኳድራቲክ ቀመር ያስፈልጋል። ያንቺን የርቀት ቀመር ራሱን ጊን አውጪ ብትባዪ እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ ጊም ጊ²ም አሉበት።

ተማሪዋ፦

ካሬ ካልክ አይቀር፣ ስኩዌር ሩት ስወስድ ሁልጊዜ ደምር-ቀነስ ልጻፍ? አንዳንዱ ላይ መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት።

ጡረተኛው መምህር፦

ሁልጊዜ ጻፊ፣ ከዚያ የማይሆነውን ነገሩን አይተሽ አስወጪ። ቀድመሽ አትጣዪው።

አንድ ድንጋይ በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥታ ወደላይ ተወረወረ። ለቀላልነት ስበቱን 10 እንውሰድ። 15 ሜትር ከፍታ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው? የመጨረሻ ፍጥነት ካሬ ከመነሻ ፍጥነት ካሬ ላይ 2 × ስበት × ከፍታ ሲቀነስ ነው፤ 400 − 300 = 100። ፍጥነቱ +10 ወይም −10። የትኛው ነው ልክ? ሁለቱም! በ1ኛው ሰከንድ እየወጣ በዚያ ያልፋል፣ በ3ኛው ሰከንድ እየወረደ በዚያው ያልፋል። ቀነሱን ቀድመሽ ብትጥዪው ኖሮ የመመለሻ መንገዱን ባላየሽው ነበር።

የክብ ሬዲየስ ከስፋቱ ስታወጪ ግን ቀነሱ ትርጉም የለውም፣ ርዝመት ቀነስ አይሆንም። እዚያ ላይ ትጥዪዋለሽ። የሚወስነው ፊደሏ የምትወክለው ነገር ነው።

በቀጥታ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም ቀመር ይገለበጣል ብላችሁ እንዳታስቡ። የፕላኔቶችን ቦታ ለማስላት የሚያገለግል የኬፕለር እኩልታ የሚባል አለ፦

መ = ኤ − ሐ × ሳይን(ኤ)

መና ኤ ማዕዘኖች ናቸው፣ ሐ ደግሞ የታወቀ ቁጥር ናት። ኤ ከታወቀች መን ማግኘት የደቂቃ ሥራ ነው። መ ተሰጥታ ኤን ለብቻዋ አውጡ ቢባል ግን አንዷ ኤ ብቻዋን፣ ሌላዋ ሳይን ውስጥ ስለሆነች በተለመዱት ስሌቶች የሚወጣ አጭር ቀመር የለውም። በግምት ጀምሮ ግምቱን ደጋግሞ ማሻሻል ነው፣ ኮምፒውተርም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አልወጣ ሲል ሁልጊዜ ከራስ ድክመት አይደለም።

ተማሪዋ፦

ይሄንን ባላውቅ ኖሮ ቀኑን ሙሉ እታገለው ነበር። የቀመር ፈቺን ጨረስኩት፣ እዩልኝ፦

ቀ = (ለ − መ × ሸ) ÷ (ሐ × ሸ − ሀ)

ሀ 3፣ ለ 5፣ ሐ 2፣ መ 7፣ ቀ 4 ሰጥቼ ፈተሽኩት። ሸ 17/15 ትመጣለች። ወደኋላ ስመልሳት ላዕሉ −44/15፣ ታህቱ −11/15 ሆነ፣ ሲካፈል 4።

ቀመር ፈቺ፦

ልክ ነው፣ አፈታተሽሽም ጥሩ ነው። ከጎኑ «ሐ × ሸ ከሀ ጋር እኩል ካልሆነ» ብለሽ ጻፊበት፣ እኩል ከሆነ ታቹ ዜሮ ስለሚሆን።